ከልብስ ሰፊ ቤት ቅዳጅ የሚሠራ ድርብ ብርድ ልብስ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ከጨርቅ ቅዳጅ በቀላሉና በፍጥነት ስለሚሠራ ድርብ ብርድ ልብስ ነው። ድርብ ብርድ ልብስ ሦስት ንብርብር ያለው የመኝታ ልብስ ሲሆን፣ ከላይ ከብዙ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የተሰፋ ገጽ፣ ከመካከል ሙቀት የሚይዝ መሙያ፣ ከታች ደግሞ ልብስ ሰፊዎች ገበር የሚሉት ወጥ ጨርቅ ይኖረዋል፤ ሦስቱም ከዳር እስከ ዳር በሚዘልቁ የስፌት መስመሮች ስለሚያያዙ እንደ አንድ ጨርቅ ይታጠፋሉ፣ ይታጠባሉ። በሌላው ዓለም ኩዊልት ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ነው። ቅዳጅ የሚባለው ደግሞ በዚህ ዝግጅት ውስጥ ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ረጅምና ጠባብ የጨርቅ ቁራጭ ነው። ቁጥሮች በየመካከሉ ስለሚነገሩ አድማጮች እርሳስና ወረቀት ቢያዘጋጁ ይጠቅማቸዋል።

የዚህ ልብስ አስፈላጊነት ከአገሩ ብርድ ይጀምራል፤ ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ወደ ከምባታ ሲዘለቅም አምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ አንጋጫ፣ ዶዮገና እና ዱራሜ ከዚሁ ተራራ ብዙም በማይርቅ አገር የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር ብርድ የክረምት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና ስለማይኖር ቅዝቃዜው ከዝናቡ ወራት ይብስ እንደሆነ እንጂ አያንስም። ስለዚህ በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ ለሚኖር ቤተሰብ ሙቀት ያለው የሌሊት ልብስ ከዓመት እስከ ዓመት የሚፈለግ ዕቃ ነው፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ኮምፈርት ደግሞ ለሁሉም ኪስ የሚመች አይደለም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጨርቅ በእነዚሁ ከተሞች በየልብስ ሰፊው መኪና ሥር ወድቆ ይገኛል። የትምህርት ቤት መክፈቻ ሲቃረብ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሀዲያ ያሆዴ እና የከምባታ መሳላ ሲደርሱ ደግሞ የበዓል ልብስ በብዛት ስለሚሰፋ፣ ነሐሴና መስከረም ብጣሽ የሚከማችባቸው ወራት ናቸው። ከሱሪ እግር ጎን፣ ከቀሚስ ዘርፍ፣ ከሸሚዝ እጅጌ ተቆርጦ የሚቀረው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብና ረጅም ነው። ለሌላ ልብስ ስለማይበቃ ለመጥረጊያ ይውላል ወይም ከቆሻሻ ጋር ይቃጠላል። ከጨርቅ ቅዳጅ ብርድ ልብስ የመሥራት ዘዴ ይህን ጠባብና ረጅም ቅርጽ እንደ ጉድለት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም ዘዴው የሚፈልገው ይህንኑ ቅርጽ ነው።

ጠባብ ጨርቆችን ጎን ለጎን ገጥሞ ሰፊ መደረቢያ ማውጣት ለኢትዮጵያ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ሸማኔው በባህላዊው የእንጨት ዕቃ ሲሠራ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እጁ ስለሚያሳልፍ የጨርቁ ስፋት በክንዱ አቅም የተወሰነ ነው፤ ሰው የሚያለብስ ጋቢ የሚገኘውም ጠባቡ ጨርቅ ጠርዝ ከጠርዝ ተገጥሞ ሲሰፋና ሲደራረብ ነው። የጋቢ ሙቀትም ከዚሁ መደራረብ ይመጣል፤ በንብርብሮቹ መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር የሰውነት ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ይከለክላልና። ድርብ ብርድ ልብስም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠጋግኖ የተሰፋ ልብስ ግን ድሪቶ እየተባለ የችግር ምልክት ተደርጎ መቆየቱ ለዚህ ሙያ እንቅፋት ሆኗል። ድሪቶ የተቀደደውን እየተከተለ ይጣፋል፤ ድርብ ብርድ ልብስ ግን ገና ሳይጀመር ልኩ፣ ቀለሙና አሰላለፉ ታስቦበት ይሠራል፤ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ለሙያው ፍትሕ መንፈግ ነው።

በዓለም ላይ ይህን ሙያ ካከበሩት ማኅበረሰቦች መካከል አንዱ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ ባሕር ተሻግረው ወደ ሕንድ ከተወሰዱ ሰዎች የተወለደው የሲዲ ሕዝብ ነው። ከእነዚህ አፍሪካውያን መካከል በታሪክ እጅግ የገነነው ማሊክ አምበር በባርነት ተሸጦ ከሄደ በኋላ በደቡባዊው የሕንድ አምባ ምድር በዴካን የጦር መሪና የመንግሥት አስተዳዳሪ ለመሆን የበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የሞተ ሰው ሲሆን፣ ትውልዱን አንዳንዶች ወደ ሐረር ሲወስዱት የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ኢተን ከከምባታ ምድር እንደነበረ ጽፈዋል። ዛሬ በሕንድ ካርናታካ ግዛት የሚኖሩ የሲዲ ሴቶች ካዋንዲ የሚባል ድርብ ብርድ ልብስ ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ በእጅ ይሰፋሉ፤ ስፌቱ ከዳር ይጀምርና ዙሪያውን እየዞረ ወደ መሐል ይገባል፤ በአራቱም ማዕዘን ላይ ታጥፈው የሚሰፉ ትንንሽ ጌጦች የሌሉበት ካዋንዲም እንደ ጎደሎ ይቆጠራል። የካዋንዲ ሙያ ከከምባታ ተነሥቶ ሄደ ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለም፤ የካርናታካ ሲዲዎች የዘር ሐረግም ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሸመነ ነው። ሆኖም ከዚህ አህጉር ተነጥቀው የተወሰዱ ሰዎች ልጆች በብጣሽ ጨርቅ የራሳቸው መለያ የሆነ ጥበብ ማበጀታቸው ለእነዚህ ከተሞች አድማጭ ሊነገር የሚገባው ታሪክ ነው።

በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ በሚባል የወንዝ ዳር መንደር የሚኖሩ፣ በባርነት ከኖሩ ሰዎች ዘር የሆኑ ሴቶችም ከሥራ ሱሪና ከአሮጌ ሸሚዝ ቅዳጅ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያ አካባቢ የፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ2002 የመንደሩ ሥራዎች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ቀረቡ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስላቸውን በቴምብር አተመ። ብርድ ለመከላከል የተሰፋ ጨርቅ በሙዚየም ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጨርቁ ስለተለወጠ አይደለም፤ ተመልካቹ የቀለሙን አሰላለፍ ማየት ስለተማረ ነው።

ፈጣን የሚባለው አሠራር ከእነዚህ የእጅ ሙያዎች በኋላ የመጣ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ተለክቶ፣ ለብቻው ተቆርጦ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ይሰፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግን አሜሪካውያን የስፌት አስተማሪዎች በቅድሚያ ረጃጅም ቅዳጆችን ሰፍቶ በኋላ መቁረጥ ጊዜ እንደሚቆጥብ አሳዩ፤ ከእነርሱ አንዷ ኤሊነር በርንስ በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ ብርድ ልብስን በአንድ ቀን መሥራት እንደሚቻል አስተማረች። የዘዴው ምሥጢር አንድ ነው፤ ስፋት አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይለካል፣ ርዝመት ግን ነፃ ይተዋል። ስፋታቸው እኩል የሆኑ ቅዳጆች ርዝመታቸው ምንም ያህል ቢለያይ ጫፍ ለጫፍ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ፤ ከልብስ ሰፊ ቤት የሚገኝ ብጣሽ ደግሞ ርዝመቱ ፈጽሞ እኩል አይሆንምና ለዚህ አገር ሁኔታ ይህ ነፃነት ትልቅ ጥቅም ነው።

ሥራው የሚጀምረው ጨርቁን ከመለየት ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ጥጥ ወይም ጥጥ የበዛበት ጨርቅ፣ ለምሳሌ ፖፕሊንና አቡጀዲ ሲሆን፣ እንደ ካናቴራ የሚለጠጥ ጨርቅ ሲሰፋ ስለሚሳብና ገጹን ስለሚያጣምም ወደ ጎን ቢቀመጥ ይመረጣል። የዩኒፎርም ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ያለበት ነው፤ ይበረታል፣ በማጠብም አይሰበሰብም፣ ነገር ግን ካውያ ሲግል ይቀልጣል፣ እሳት ሲነካውም ወደ ሰውነት ይጣበቃል፤ ስለዚህ ምድጃ ባለበት ክፍል ለሚተኙ ሕፃናት የሚሰፋው ብርድ ልብስ ንጹሕ ጥጥ ቢሆን ለጥንቃቄ ይበጃል። ጥጡ ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ መሰብሰብ ያለበት አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ ቀለም የሚለቅ ቀይና ጥቁር ጨርቅም ነጩን ከማበላሸቱ በፊት ይታወቃል።

ቀጥሎ ቅዳጁ ይወጣል። ተስማሚው ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። በውጭ አገር ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 በጃፓን የተፈጠረ ተሽከርካሪ መቁረጫ ይጠቀማሉ፤ እዚህ ግን የሚያስፈልገው ሜትር፣ ቀጥ ያለ ጣውላ፣ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ወይም የደረቀ ሳሙና ስባሪ፣ እንዲሁም መቀስ ብቻ ነው። ከዚህም የሚፈጥን መንገድ አለ። ፖፕሊንና አቡጀዲ ዳሩ ላይ በመቀስ ትንሽ ተበጥቶ በሁለት እጅ ቢቀደድ የክሩን መስመር ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ ድርና ማጉ ራሱ መስመር ስለሆነለት በመቀስ ከተቆረጠው የበለጠ የቀና ቅዳጅ ይወጣል። የተቀደደው ጠርዝ ጥቂት ስለሚንጨባረር በካውያ ተተኩሶ መስተካከል ይኖርበታል።

ለአንድ አነስተኛ ብርድ ልብስ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ10 የሚሆን 40 ቅዳጅ፣ ወይም በጠቅላላው 44 ሜትር የሚደርስ ማንኛውም ዓይነት ቅዳጅ ያስፈልጋል፤ አዲስ ጨርቅ ተገዝቶ ቢሠራ ደግሞ 1 ሜትር ከ10 ስፋት ካለው ጨርቅ 2 ሜትር ከ60 ይበቃል። ቅዳጆቹ ሁሉ ጫፍ ለጫፍ ተሰፍተው አንድ ረጅም መስመር ይሆናሉ። ከዚያም የመስመሩ ሁለት ጫፎች ተገናኝተው መስመሩ ለሁለት ይታጠፍና በርዝመቱ ይሰፋል፤ እጥፋቱ ጋ ሲደረስ በመቀስ ይቆረጥና ይዘረጋል። አሁን በእጅ ያለው ጨርቅ ወደ 22 ሜትር ርዝመት፣ በስፌት የሚገባው ተቀንሶ ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት አለው። ይኸው እንደገና ለሁለት ታጥፎ ሲሰፋ 11 ሜትር፣ ቀጥሎ 5 ሜትር ተኩል፣ ቀጥሎ 2 ሜትር ከ75 ይሆናል፤ በአምስተኛው ዙር በስፌት የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 1 ሜትር ከ35 በ1 ሜትር ከ60 የሚጠጋ ገጽ ይወጣል። ሠላሳ ሁለት ረድፍ የጨርቅ ቅዳጅ ጎን ለጎን ተሰልፏል ማለት ነው። ቀለማቱ በየትኛው ረድፍ እንደሚያርፉ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሰፊዋ ስለ አሰላለፍ መጨነቅ አያስፈልጋትም፤ ሆኖም ሁለት ተመሳሳይ ቀለም ጫፍ ለጫፍ እንዳይገናኝ በመጀመሪያው ቅጥያ ላይ ብትጠነቀቅ ውበቱ ይጨምራል።

የጊዜ ቁጠባው በቁጥር ይታያል። ይኸው ስፋት ያለው ገጽ በ5 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች ቢሠራ 864 ቁራጭ መቁረጥና ከ80 ሜትር በላይ መስፋት ይጠይቃል፤ በቅዳጅ ሲሠራ ግን 40 ቁራጭና ወደ 44 ሜትር የሚጠጋ ስፌት ብቻ ነው። ስፌቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ይበልጥ የሚያደክመው ቁራጭ የማንሣት፣ የመግጠምና የመለካት ሥራ ግን ከሃያ እጅ ወደ አንድ ወረደ። በእግር በሚረገጥ ሲንጀር የስፌት መኪና ለምትሠራ ሴት ይህ ልዩነት ሥራውን በመጀመርና በመተው መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ስልት ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ውጤቱ ግን የበለጠ ዓይን ይስባል። ሦስት ቅዳጆች፣ ለምሳሌ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ፣ በርዝመታቸው ጎን ለጎን ሲሰፉ ስፋቱ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ባለሦስት ቀለም ጨርቅ ይገኛል፤ ይህ በየ16 ሴንቲ ሜትር ተኩሉ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ እኩል ጎን ይኖረዋል። አንዱ መስመሩ ቁመት፣ ቀጣዩ መስመሩ አግድም ሆኖ ሲገጣጠሙ ገጹ እንደ ደረጃ የሚወርድ ንድፍ ይሠራል። 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ80 ለሚሆን ገጽ 96 ቁራጭ ሲያስፈልግ፣ ከአንዱ 1 ሜትር ከ10 ርዝመት ካለው ባለሦስት ቀለም ጨርቅ 6 ቁራጭ ስለሚወጣ፣ በጠቅላላው 48 ቅዳጅ ይበቃል።

በሁለቱም ስልት ከሁሉ በላይ የሚወስነው የስፌቱ ኅዳግ፣ ማለትም ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ዳር ያለው ርቀት፣ ሳይለዋወጥ መቆየቱ ነው። ልኩ ሦስት አራተኛ ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከመርፌው ይህን ያህል ርቆ በመኪናው ብረት ላይ ፕላስተር ቢለጠፍና የጨርቁ ዳር ያንን እየታከከ ቢሄድ ጀማሪም አይሳሳትም። ረጃጅም ቅዳጆች ሁሉ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተሰፉ ጨርቁ ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ስለዚህ አንዱ ከላይ ወደ ታች ከተሰፋ ቀጣዩ ከታች ወደ ላይ ይሰፋል። አንድ ቁራጭ ሲያልቅ ክሩን ሳይቆርጡ ቀጣዩን ማስገባት ክርም ጊዜም ይቆጥባል። ስፌቱ በየዙሩ በካውያ ወደ ጠቆረው ቀለም ይተኛል፤ ካውያ መተው በስፌት ላይ የዋለውን ድካም ማባከን ስለሆነ ይህ ነጥብ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

ገጹ ካለቀ በኋላ መሙያ ይመረጣል። ያረጀ ብርድ ልብስ፣ የሳሳ ጋቢ ወይም ቡልኮ ጥሩ መሙያ ነው፤ የተዳወረና የተሸመነ በመሆኑም ከቦታው አይንቀሳቀስም። ባዘቶ፣ ማለትም ተነድፎ የለሰለሰ ጥጥ፣ ከሁሉ የበለጠ ይሞቃል፣ ነገር ግን ሲታጠብ እየተሰበሰበ ጥግ ጥጉን ይይዛል፤ ስለዚህ የማያያዣው ስፌት ቢያንስ በየ7 ወይም በየ8 ሴንቲ ሜትሩ ማለፍ አለበት። በአሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ግን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ በሌላ አነጋገር በየሁለተኛው የቅዳጅ ስፌት ላይ መስፋት በቂ ነው።

ሦስቱን ንብርብር ለማያያዝ ገበሩ ፊቱ ወደ መሬት ሆኖ በንጹሕ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ በላዩ መሙያው፣ በመሙያው ላይ ገጹ ይነጠፋል፤ ገበሩ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊተርፍ ይገባል። በእጅ ከመሐል ወደ ዳር እየተዳመጠ በየስንዝሩ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ስፌቱም እንዲሁ ከመሐል ይጀምራል፤ ከዳር የተጀመረ እንደሆነ ሽብሽቡ ተጠራቅሞ መሐል ላይ ይቀራልና። ለዚህ ሥራ ወፍራም 16 ቁጥር መርፌ ይገጠማል፣ የስፌቱ እርምጃም ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። መኪናው ውፍረቱን አልችል ካለ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየስንዝሩ ወፍራም ክር በእጅ መርፌ ወደ ታች ወርዶ ወደ ላይ ይመለስና ሁለት ጊዜ ይቋጠራል። በመጨረሻ የተረፈው ገበር ሁለት ጊዜ ወደ ገጹ ታጥፎ ዙሪያውን ሲቀመቀም ለብቻው የተዘጋጀ ክፈፍ ሳያስፈልግ ጠርዙ ይዘጋል።

ለሰፊ አልጋ የሚፈልግ ሰው በገጹ ዙሪያ ከወጥ ጨርቅ 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ዳር መጨመር ይችላል። ለሽያጭ የሚሠራ ከሆነ ግን ብጣሹ በነፃ ስለተገኘ ዋጋው የወደቀ መሆን አለበት የሚለው ስሌት የተሳሳተ ነው፤ ገበር፣ ክር፣ መሙያ፣ ካውያው የሚፈጀው ከሰል ወይም መብራት፣ ከሁሉም በላይ የሰፊዋ ቀን ተቆጥሮ ዋጋ ሊወጣለት ይገባል። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ሙያ የሚማሩ ወጣት ሴቶች ከትምህርት ወጥተው ሥራ ሲጀምሩ የሚቸግራቸው አንዱ የጨርቅ መግዣ ካፒታል ነው፤ ይህ ሥራ በአንጻሩ ትንሽ ካፒታልና ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከልብስ ሰፊዎች ጋር ብጣሽ ለመረከብ የተስማማ የጥቂት ሴቶች እቁብ ሊጀምረው ይችላል። ጥጡን ከፖሊስተር፣ ጥቁሩን ከነጭ የሚለይ ሰው መመደብም ያስፈልጋል፤ ያልተለየ ብጣሽ በከረጢት ታጭቆ ቢከርም የሚነካው አያገኝም።

በመጪው የያሆዴና የመሳላ ሰሞን ልብስ የሚያሰፉ አድማጮች ከጨርቃቸው የተረፈውን ብጣሽ ጠይቀው ይውሰዱ፤ ልብስ ሰፊዎችም 6 ሴንቲ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ስፋት ያለውን ቅዳጅ ከጥቃቅኑ ለይተው ለብቻው ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ሥራ የሕፃን ብርድ ልብስ ቢሆን፣ በ20 ቅዳጅና በአራት ዙር ስፌት ወደ 80 ሴንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ35 የሚሆን ገጽ ይወጣል።